ስልኩ የሁለት ወር ሥራችንን አሸነፈ፦ ባንዳችን ምን አጠፋ?

ሦስት_ኮርድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ስላበሸቀኝ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

አራት ነን። ሁለት ጊታር፣ ቤዝና ድራም፤ የምዘፍነው እኔ ነኝ። ከኋላችን አሳታሚም ፕሮዲውሰርም የለም። አምስት ዘፈን ለመቅዳት ሁለት ወር ፈጀብን። ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚሠራው ብለን መጀመሪያ ድራሙን ለብቻው በክሊክ (ምት በሚቆጥር ድምፅ)፣ ከዚያ ቤዙን፣ ከዚያ ጊታሩን እየደራረብን፣ መጨረሻ ላይ ድምፅ ቀዳን። ከመስመር የወጣ ምት ሁሉ እየተጎተተ ቦታው ገባ። አንድ የተሳሳተ ኖታ ብትፈልጉ አታገኙም።

ባለፈው ቅዳሜ ሚክሱን (የተቀዳው ሁሉ አንድ ላይ የተቀናበረበትን) ልንሰማ ተሰበሰብን። አለቀ፣ ሁላችንም ዝም። መጥፎ አልነበረም፤ ግን «ድገመው» ያለ ሰው የለም። ቤዝ ተጫዋቻችን ስልኩን ሲጎረጉር፣ ከስድስት ወር በፊት በልምምድ ሰዓት ወንበር ላይ አስቀምጦ የቀዳውን ከአምስቱ አንዱን ዘፈን አገኘና ስፒከሩ ላይ ለቀቀው። አራታችንም ሳናውቀው ጭንቅላታችን መወዝወዝ ጀመረ። ከሁለተኛው አዝማች በፊት ድራሙ ይሮጣል፣ እኔ አንድ ኮርድ እስታለሁ፣ ቤዙ ሲስቅ ይሰማል። የእኔ ድምፅማ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ዘፈኑ ግን ይተነፍሳል። የሁለት ወሩን አጠገቡ ስታደርጉት ተገንዞ የተኛ ነው።

ስለምንሰማው ነገር ከጠየቃችሁ፣ ድራመራችን የፉጋዚ ሰው ነው፣ ሁለተኛው ጊታሪስት የማይ ብለዲ ቫለንታይን፣ እኔ የብላክ ሳባዝ። ቤዙ ያገኘውን ሁሉ ይሰማል። ሚክሳችን ከሦስቱም ጋር አይገናኝም። ምን አጠፋን?

ጥቁር_ቤዝ፦
መጀመሪያ ስልኩን እንጠርጥር። የስልክ መቅጃ ድምፅ ሲበዛበት በራሱ ይቀንሳል፣ ሲያንሰው ያነሳል። ሳትጠይቁት ኮምፕረስ አድርጎላችኋል ማለት ነው። ድራሙ ሲመታ ሌላው ሁሉ ሸብረክ ብሎ ተመልሶ ይነሳል፤ ጆሮ ያንን መተንፈስ ጉልበት ነው ብሎ ይቀበለዋል።

ደግሞ ሁለት ቅጂ ሲወዳደር ጮክ ያለው የተሻለ ይመስላል፣ ልዩነቱ 1 ወይም 2 ዴሲቤል ብቻ ቢሆን እንኳ። ሁለቱን እኩል አድርግና የትኛው የቱ እንደሆነ ለማያውቅ ሰው አሰማ። ከዚያ እናውራ።

ሦስት_ኮርድ፦
አደረግኩት። ልክ ነህ፣ የስልኩ ጮክ ይል ነበር። አስተካክዬ ለእህቴ አሰማኋት። ሮክ አትወድም። «የመጀመሪያው ሰዎች ናቸው፣ ሁለተኛው ማስታወቂያ ነው» አለችኝ።

የመጀመሪያው የስልኩ ነበር።

ስኔር_ላይ፦
«ማስታወቂያ» ገደለችኝ። እህትህን ባንዱ ውስጥ አስገቧት።

አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ድራመራችሁ ሲቀዳ ጆሮው ላይ ምን ነበር?

ሦስት_ኮርድ፦
ክሊኩና እኔ በጥድፊያ የቀዳሁት መምሪያ ጊታር።

ስኔር_ላይ፦
እንግዲያው ከማን ጋር ነው የተጫወተው?

እኔም ድራመር ነኝ፣ በዚህ መንገድ አንድ ሙሉ አልበም ቀድቻለሁ። ባዶ ክፍል፣ ሄድፎን፣ ጢቅ ጢቅ ጢቅ። ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ አዝማቹ ሲደርስ ለማን ብለህ ነው ሲምባሉን የምትሰብረው? ከጓደኞችህ ጋር ስትጫወት የቤዙን ትከሻ ታያለህ። ትከሻው ከፍ ሲል ኪክህን (በእግር የሚመታውን ድራም) ትንሽ ታዘገየዋለህ፣ እሱ ሲወርድ አብረህ ትወርዳለህ። ይህ በወረቀት ላይ የሚጻፍ ነገር አይደለም፣ ክሊክም አያውቀውም። በኋላ ቤዙ መጥቶ በተቀዳ ድራም ላይ ሲጫወት ደግሞ እሱ ይከተልሃል እንጂ አንተ አትሰማውም። ወሬው አንድ አቅጣጫ ብቻ ሆነ።

በስልኩ ላይ ድራሙ ከአዝማቹ በፊት ይሮጣል ያልከው ስሕተት አይመስለኝም። ብዙ የድሮ የሮክ ቅጂዎችን በሜትሮኖም ብትለካቸው አዝማቹ ላይ በደቂቃ ሁለት ሦስት ምት ይጨምራሉ። እናንተ ያንን አውጥታችሁ ጣላችሁት።

ክሊክ የግድ ከሆነባችሁ ልምምዱን ለኩና ክሊኩ ራሱ አዝማቹ ላይ እንዲፈጥን አድርጉት። የእኔ ምርጫ ግን አራታችሁም አንድ ላይ ተጫወቱና ድምፁን ብቻ በኋላ ጨምሩ።

ብረት_ጆሮ፦
ይህ «አብራችሁ ተጫወቱ» የሚባለው ነገር ሃይማኖት እየሆነ ነው፣ ይቅርታ።

ሁለተኛው ጊታሪስት የሚወደው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው «ላቭለስ» አራት ሰው ክፍል ውስጥ ገብቶ የቀዳው አልበም አይደለም። ሁለት ዓመት ገደማ ፈጅቷል፣ ወደ 19 ስቱዲዮ አዳርሷል። ተደራርቦ፣ ተቆራርጦ፣ ተለጥፎ የተሠራ ነው። ሞቷል የሚል ሰው ካለ ይምጣ።

ስለዚህ ጥያቄው አብሮ ወይስ ለየብቻ አይደለም። ጊታሩን ስንት ጊዜ ደረባችሁት? የአምፑ (የጊታር ማጉያው) ጌይን፣ ያ ድምፁን የሚያሻክረው፣ ስንት ላይ ነበር?

ሦስት_ኮርድ፦
ስድስት ጊዜ። ጌይኑ 8 ላይ። ስድስቱም በአንድ አምፕ፣ በአንድ ጊታር፣ በእኔ እጅ።

ብረት_ጆሮ፦
አገኘነው።

ዲስቶርሽን (ያ የሻከረ ድምፅ) ራሱ ኮምፕሬሰር ነው። 8 ላይ ክሩን በቀስታ ነካኸው በኃይል መታኸው ልዩነት የለውም፤ የእጅህን ጉልበት ይበላዋል። በዚያ ላይ ስድስት ጊዜ ስትደርበው የእያንዳንዱ ምት መነሻ ከሌላው ጋር ጥቂት ሚሊሰከንድ እየተሳሳተ ጠርዙ ይደበዝዛል። ግድግዳ ይሠራልኛል ብለህ ጭጋግ ሠራህ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይህ ነው።

ከላቭለስ የሚወሰደው ትምህርት ደግሞ ሰው እንደሚያስበው ብዛት አይደለም። ጊታሪስቱ ኬቪን ሺልድስ የትሬሞሎ ዘንጉን (ክሩን የሚያላላና የሚወጥር የጊታር እጀታ) በመዳፉ እንደያዘ ነው ኮርዱን የሚመታው፤ እያንዳንዱ ምት ቅኝቱ ትንሽ ዝቅ ከፍ ይላል። ያ መዋለል ነው አንዱን ጊታር ብዙ የሚያስመስለው። የጊታሩ ብዛት ሰው ከሚገምተው በጣም ያነሰ መሆኑን እሱ ራሱ ተናግሯል።

ጌይኑን 4 አድርግ። ክፍሉ ውስጥ ብቻህን ስትሰማው ቀጭን ይመስልሃል፣ አትደንግጥ። ሁለት ጊዜ ብቻ ቅዳ፣ አንዱን ግራ አንዱን ቀኝ ጥግ ድረስ ውሰድ፤ ሁለተኛውን በሌላ ጊታር ወይም በሌላ አምፕ።

ሪል_ቴፕ፦
ልጆች፣ እኔ ዘመኔን በቴፕ የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ አንድ ሁለት ነገር ልበል።

ሳባዝን እወዳለሁ ያለው ልጅ፣ ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ? ጊታሪስታቸው ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ነውና ክሩን የሚጫነው በዚያ እጅ ነው። ከፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቀጭን ክር ፈልጎ ገጠመ፣ በኋላም ክሩን አላልቶ ቅኝቱን ዝቅ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ሦስተኛ አልበማቸው ላይ አንድ ተኩል ድምፅ ድረስ ወርዷል። ሰው ሁሉ ዛሬ «ከባድ» የሚለው ድምፅ ጣት ሲያመው ከተገኘ መላ ነው የመጣው። የመጀመሪያ አልበማቸው ደግሞ በ1969 በአንድ ቀን ነው የተቀዳው።

አምፑን በመግዛት ያንን አታገኘውም። የላላው ክር በእጅህ ሥር ሲንቀጠቀጥ ነው የምታገኘው። ክርህን አላላና ሪፍህን (የሚደጋገመውን የጊታር ሐረግ) እንደገና ተጫወተው፣ የእጅህ ፍጥነት ራሱ ይለወጣል።

ሌላ ታሪክ። በዚያው በእንግሊዝ አገር ባዝኮክስ የሚባሉ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1976 መጨረሻ አራት ዘፈን ቀድተው በ1977 መጀመሪያ ራሳቸው አሳታሚ ሆነው አወጡ። ገንዘቡ ብድር ነበር፣ መጀመሪያ ያሳተሙትም 1,000 ሸክላ ብቻ። የሽፋኑ ጀርባ ላይ እያንዳንዱ ዘፈን ስንተኛው ሙከራ እንደሆነና ምን እንደተደረበበት ጻፉ። አንዱ «ሦስተኛ ሙከራ፣ ድርብ የለም» ይላል። የቀሩት የመጀመሪያ ሙከራ ናቸው፣ አንድ ጊታር ብቻ ተጨምሮባቸው። የተደበቀ ነገር አልነበረም።

እናንተ ሽፋናችሁ ላይ ምን ትጽፉ ነበር?

ሦስት_ኮርድ፦
ጋሼ፣ የመጨረሻዋ ጥያቄ አንጀቴን በላችው። የአንዱ ዘፈን ድራም ከ23 ቁራጭ የተሰፋ ነው።

ብረት_ጆሮ፦
ጋሼን አከብራለሁ፣ ግን ይህን የጥሬ ቅጂ ፍቅር አንድ ቦታ ላይ ማስቆም አለብን። ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የቀረጻ ባለሙያው ስቲቭ አልቢኒ ነው። እውነት ነው፣ «ፕሮዲውሰር» መባል አይወድም ነበር፣ «የቀዳው» በሉኝ ይል ነበር። የኒርቫናን አልበም «ኢን ዩተሮ» በ1993 ሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ነው የቀዳው፤ ከሽያጩም ድርሻ አልፈልግም፣ እንደ ቧንቧ ሠራተኛ የሠራሁበትን ብቻ ክፈሉኝ ብሏል። በ2024 ሲሞት ሁሉም ይህንኑ ጻፈ።

ሰው የሚረሳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የአልቢኒ «ምንም አለማድረግ» ድራሙ ላይ ብዙ ማይክ፣ የክፍሉን አስተጋቦ ጠንቅቆ ማወቅና የዓመታት ልምድ ነው። ሁለተኛ፣ ከዚያው አልበም ነጠላ ሆነው የወጡትን ዘፈኖች ሌላ ሰው እንደገና ሚክስ አድርጓቸዋል። ጥሬ ማለት ዝርክርክ ማለት አይደለም።

ሪል_ቴፕ፦
ብረት_ጆሮ፣ ተስማምቻለሁ፤ እንዲያውም ልጨምርልህ። ዘፋኙ ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 የወጣውን «ነብራስካ» የተባለ አልበሙን ቤቱ ቁጭ ብሎ በአራት ትራክ የካሴት መቅጃና በሁለት ኤስኤም57 ማይክ ቀዳው። ለባንዱ መለማመጃ እንዲሆን ነበር ያሰበው። ባንዱ ሞከረው፣ እንደ ካሴቱ አልሆነም፣ ካሴቱ ራሱ ወጣ። ሰው እዚህ ድረስ ይተርከውና ያቆማል። ያ ካሴት ያለ ማኅደር በኪሱ ሲንከራተት የከረመ ነው፤ ከእሱ ላይ ሸክላ ለመቅረጽ መከራቸውን ነው ያዩት። እኔም በወጣትነቴ አንድ ባንድ በችኮላ ቀድቼ የሲምባሉ ጩኸት ዘፋኙን ዋጠው፤ እስከ ዛሬ ስሰማው ያመኛል።

ጥቁር_ቤዝ፦
ስለ ነፍስ ስታወሩ ስለ ሳንቲሜትር የሚያወራ ሰው ጠፋ። ልሙላው።

ስልኩ ያሸነፈበት አንድ ምክንያት የተቀመጠው አንድ ቦታ ስለሆነ ነው። ሁሉ ነገር በአንድ ጆሮ ነው የገባው፣ እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር የለም። እናንተ ድራሙ ላይ ስንት ማይክ ነበራችሁ? ስምንት ከሆነ ስኔሩ (ሹል ድምፅ ያለው ጠፍጣፋው ድራም) በስምንት የተለያየ ሰዓት ነው የደረሰው። ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ገደማ ይሄዳል። አንዱ ማይክ ከሌላው 68 ሳንቲሜትር ቢርቅ ሁለት ሚሊሰከንድ ዘገየ ማለት ነው፤ ሁለቱን ስትደምራቸው 250 ኸርዝ አካባቢ ይጠፋፋሉ። የስኔር ሆድ ያለው እዚያው ሰፈር ነው። ከዚያ «ስኔሩ ገለባ ሆነ» ብላችሁ በኢኪው (በቃና ማስተካከያው) ትጨምራላችሁ፣ የሌለ ነገር ይጨመር ይመስል።

ከመቅዳታችሁ በፊት ገመድ አምጡና አንዱን ጫፍ ስኔሩ መሃል ላይ ያዙት። ሌላውን ጫፍ ወደ አንደኛው ኦቨርሄድ (ከድራሙ በላይ የሚሰቀል) ማይክ ዘርጉና ርዝመቱ ላይ ምልክት አድርጉ። ያንኑ ምልክት ይዛችሁ ሁለተኛውን ማይክ እኩል ርቀት ላይ አቁሙት። ቀጥሎ ኦቨርሄዱንና የስኔሩን ማይክ አብራችሁ እየሰማችሁ የፌዝ መገልበጫዋን (የድምፁን ሞገድ የምትገለብጠውን ቁልፍ) ተጫኑ፣ ያቺ ዜሮ ላይ ሰረዝ ያለባትን። ሆዱ የሚሞላበት ላይ ተዉት። ቤዙንም እንዲሁ፤ በገመድ በቀጥታ የገባውና ከአምፑ የተቀዳው ካልተስማሙ ቤዝ የሚባል ነገር አይኖራችሁም።

ሌድ ዜፕሊን በ1971 አራተኛው አልበማቸው ላይ ያ ሁሉ ሰው የሚቀናበትን ግዙፍ የድራም ድምፅ ያገኙት ድራሙን የአንድ ትልቅ ቤት ደረጃ ሥር አስቀምጠው፣ ከላይ በተንጠለጠሉ ሁለት ማይኮች ብቻ ነው። ሁለት!

ፊድባክ፦
እኔ የምለው ሌላ ነው። ተጽዕኖ ሲባል ሁላችንም የባንድ ስም እንደረድራለን፤ ከዚያ ባንድ ምኑን እንደወሰድን ግን አንናገርም። ፉጋዚ፣ ማይ ብለዲ ቫለንታይን፣ ሳባዝ። ጥሩ። ድራመራችሁ ከፉጋዚ የሚወደው ምኑን ነው? ሁለቱ ጊታሮች መጠባበቃቸውን፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለቱን ከሆነ፣ ስድስት የተደረበ ጊታር ባለበት ዝምታው የት ይግባ? የባንዳችሁ ጠብ ሚክስ ላይ አልጀመረም፣ እዚህ ነው የጀመረው።

ሶኒክ ዩዝን እዩ። ጊታሮቻቸውን በማንም ባልተለመደ ቅኝት ይቃኙ ነበር፣ አንዳንዱ ጊታር ለአንድ ዘፈን ብቻ የተዘጋጀ ነው። በ1999 መሣሪያቸው ከነመኪናው ሲሰረቅ አንዳንድ ዘፈኖችን መጫወት ራሱ ችግር ሆነባቸው፤ ዘፈኑ በጊታሩ ውስጥ ነበርና። የኪንክስ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ በ1964 ያንን የተቀደደ ድምፅ ያገኘው የአምፑን ስፒከር በምላጭ ተልትሎ ነው። ከእነዚህ ሰዎች የሚቀዳው ድምፃቸው ሳይሆን ድፍረታቸው ነው።

ለእያንዳንዱ አባል የቤት ሥራ፦ የባንድ ስም መጥራት ክልክል ነው፣ አንድ የሚወደውን ድርጊት ብቻ ይዞ ይምጣ።

ስኔር_ላይ፦
ይቺ ጥሩ ናት። ለእኛም ባንድ ልሰርቃት ነው።

ሦስት_ኮርድ፦
*(ከሦስት ሳምንት በኋላ)*

ተመለስኩ። አንዱን ዘፈን እንደገና ቀዳነው።

የፊድባክን የቤት ሥራ ሠራን። ድራመሩ «ሁለተኛው ስንኝ ላይ አንድ ጊታር ዝም ይበል» አለ። ሁለተኛው ጊታሪስት ዘንጉን ይዞ መምታት። እኔ የላላ ክር። ቤዙ ብዙ አሰበና «ያለ ቁጣ መጫወት» አለ፣ ትርጉሙ እስካሁን አልገባኝም ግን ተሳክቶለታል። ከተነጋገርነው ውስጥ ግማሹ ከዚህ በፊት ለአንድ ቀን እንኳ ተነስቶ አያውቅም፣ ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ።

አቀዳዱ እንዲህ ነበር። ድራሙ ክፍሉ መሃል፣ አራት ማይክ ብቻ፦ ኪክ፣ ስኔርና ሁለት ኦቨርሄድ። የጊታር አምፖቹ ከበሩ ውጭ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍነው፤ ማይካቸው ከስፒከሩ መሃል ትንሽ ወደ ዳር ዞር ብሎ፣ መሃሉ ላይ ጆሮ ይበሳ ነበርና። ቤዙ ግማሹ በቀጥታ፣ ግማሹ በአምፕ። ክሊኩን አራት ምት ብቻ ሰምተን አጠፋነው። ጌይን 4። ብረት_ጆሮ እንዳለው ብቻውን ሲሰማ አሳፋሪ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ የፈራ ሰው ጨዋታ ነበር፣ ሁላችንም ቀዩን መብራት እናያለን። ሁለተኛው ተመሳሳይ። አራተኛው ላይ የእኔ ክር ተበጠሰ። አምስተኛው ጥሩ ሆኖ መጨረሻው ላይ ተበላሸ። ስድስተኛው ሲያልቅ ሲምባሉ እስኪጠፋ ድረስ ማንም አልተነፈሰም፣ ከዚያ ድራመሩ ዱላውን መሬት ላይ ጣለው። ያ ሲወድቅ ይሰማል።

አሁን ችግሩ። ድልድዩ (ወደ መጨረሻው አዝማች የሚያሸጋግረው ክፍል) ላይ ሁለተኛው ጊታር አንድ ኖታ ስቷል፣ በሩ ደግሞ በደንብ አልተዘጋም ነበርና ስሕተቱ ኦቨርሄዶቹ ውስጥ ገብቷል። ጊታሩን ለብቻው ደግመን ብንቀዳውም አሮጌው ከሥር እንደ መንፈስ ይሰማል። ምን እናድርግ?

ብረት_ጆሮ፦
ለዚህ ነው እኔ የምጮኸው። አብሮ የመቅዳት ዋጋው ይህ ነው፣ ማንም አስቀድሞ አይነግርህም።

መውጫ አለ። አምስተኛው ሙከራ ድልድዩ ላይ ደህና ከሆነና ፍጥነቱ ከተቀራረበ፣ ሁሉንም ትራክ አንድ ላይ ከዚያ ቆርጠህ አምጣ። መቁረጫህን ሲምባል ከሚመታበት ልክ በፊት አድርገው፣ አይታወቅም። በቴፕ ዘመንም በምላጭ እንዲሁ ነበር የሚደረገው፣ ጋሼ ይመስክሩ።

ሪል_ቴፕ፦
እመሰክራለሁ። ግን ቆይ፣ ያ ኖታ ስንት ርዝመት አለው?

ሦስት_ኮርድ፦
ግማሽ ሰከንድ አይሞላም፣ ጋሼ።

ሪል_ቴፕ፦
ለእህትህ አሰማት። ካልሰማችው አትንካው።

ሦስት_ኮርድ፦
አሰማኋት። ኖታውን አልሰማችውም። «መጨረሻ ላይ የወደቀው ምንድነው?» ብቻ አለችኝ።

ዱላው ይቀራል።

ጥቁር_ቤዝ፦
በቃ ጥሩ። ኦቨርሄዶቹን በገመድ ለካችኋቸው ወይስ ዝም ብዬ ነው የደከምኩት?

ሦስት_ኮርድ፦
ለካን እንጂ! ገመድ ስላጣን የቤዙን የጫማ ክር ፈትተን ነው። አንዱ አልደረሰም፣ የሁለቱንም ጫማ ቀጠልናቸው። ሁለቱም ማይክ ከስኔሩ 1 ሜትር ከ10 ላይ ቆሙ። ቤዙ ስድስቱንም ሙከራ ክር በሌለው ጫማ ነው የተጫወተው፣ ክሩን ማንም አልመለሰለትም።

ስኔር_ላይ፦
«ያለ ቁጣ መጫወት» ያለው እሱ አይደል?